ወደ ቀኝ ያዘነበለ ስፌት

በእናቴ ጉልበት ላይ ያለውን ብርድ ልብስ የሚያይ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ቀለሙን ይሰድባል። አንዳንዱ በአፉ፣ ጨዋው በዓይኑ። ቀይ ከብርቱካን ጎን ተቀምጧል፤ ሐምራዊ ከሰናፍጭ ቢጫ ጎን፤ አረንጓዴው መሃል ገብቶ ሁሉንም ያጣላል። «ቀለም የመረጠው ማን ነው?» ይሉኛል፣ ልብስ ሰፊ መሆኔን ስለሚያውቁ ነገሩ እኔን ለመውጋት ነው። ማንም አልመረጠውም እላለሁ። ከዚያ አላልፍም፤ የቤቴን ነገር ላገኘሁት ሁሉ አልዘረግፍም። ዛሬ ግን ሳልጠየቅ ልናገር ነው።

ያኔ የምንኖርባት ቤት አንድ ክፍል ነበረች፤ በመጋረጃ ለሁለት ከፍለናት ሁለት ክፍል አለን እንል ነበር። የስፌት ማሽኑ ከመስኮቱ ሥር ነው። ግድግዳው ላይ በየምስማሩ ያልተጨረሱ ልብሶች ተሰቅለዋል፤ እጅጌ የሌለው ኮት፣ አንገት ያልወጣለት ቀሚስ፣ ወረፋቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ይመስላሉ። ወለሉ የክር ቁራጭና የጠመኔ ብናኝ ነው። እናቴ ሜትሩን አንገቷ ላይ ጥላ ፔዳሉን ስትረግጥ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ እግሯ ሥር ተቀምጬ ቁልፍ በየዓይነቱ እለያለሁ። እናቴን ያለ ማሽኑ ማሰብ ለኔ ቀንድ አውጣን ያለ ቅርፊቷ ማሰብ ነበር።

መደርደሪያው ላይ ደግሞ አንድ ባዶ ቦታ ነበር፤ እንጨቱ ከሌላው ደመቅ ያለ አራት ማዕዘን። ሬዲዮው የነበረበት ነው። አባቴ ትቶን ሲሄድ ይዞት ሄደ። ሌላው ሰው ከቤቱ ሲወጣ ቢያንስ ጸጸት ይዞ ይወጣል፤ የኔ አባት ሬዲዮ ያዘ። ከዚያ ወዲህ ስለ አባቴ ወገን አንድ ነገር አውቃለሁ ብዬ ደምድሜ ነበር፦ እነዚህ ሰዎች ወሳጆች ናቸው።

በዓል በደረሰ ቁጥር የሰፈሩ ሰው አዲስ ልብስ የሚያሰፋው እናቴ ዘንድ ነው። እሷም ከተረፈው እራፊ አንድ አንድ እያነሳች በከረጢት ታኖር ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «በዓሉ ያልፋል፤ ጨርቁ ግን የትም አይሄድም» ትለኛለች። ሁለተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት በዓሉ ሲቃረብ፣ የሰው ሥራ አናቷ ላይ ተቆልሎ ሳለ፣ ከረጢቱን አልጋው ላይ ዘረገፈችው።

«ምን ልታደርጊው ነው?»

«ብርድ ልብስ። ለበዓል የሚደርስ። የሁሉም በዓል እራፊ አንድ ላይ ተገጣጥሞ።»

«የሰው ልብስስ?»

«የሰውም ይሰፋል» አለች። ማን እንደሚሰፋው አልነገረችኝም።

ጨርቁን የምትለየው ሳታይ ነበር። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ እጇን ክምሩ ውስጥ ትከትና አንዱን ታወጣለች፤ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ታሸዋለች።

«ይሄ ከፈይ የዳቦ ቤቱ ባለቤት ትልቋ ልጅ የለበሰችው ነው፤ ዝናብ የመታን በዓል። ይሄ ሻካራው ሱፍ የሰዓት ሠሪው ኮት ነው፤ እጅጌው አጠረኝ ብሎ በዓሉን ሙሉ ያኮረፈን። ይሄ ዳንቴል ያንቺ ነው። በዚህ ነው መራመድ የጀመርሽው፤ ሁለት እርምጃ ሄደሽ ቁጭ አልሽና እንግዳውን ሁሉ ተቆጣሽ።»

አፌን ከፍቼ አያታለሁ። ሌላው ሰው ዓይኑን አፍጥጦ የሚሠራውን እናቴ ሳታይ ትሠራዋለች! ትምህርት ቤት ሄጄ «እናቴ በጣቷ ታያለች» ብዬ ጉራ ነዛሁ።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል።

«ምላጬ፣ ይሄ ቀለሙ ምንድን ነው?» ምላጭ የምትለኝ በምላሴ ነው።

«ቀይ።»

«ምን ዓይነት ቀይ?»

«ቀይ ነዋ!»

«ቀይማ ስንት ዓይነት አለ። በደንብ እይና ንገሪኝ።»

አየሁት። «ሊበላሽ አንድ ቀን የቀረው ቲማቲም።»

እናቴ ሳቀች፤ ዓይኗን ጨፍና፣ የሚጣፍጥ ነገር አፉ ውስጥ እንደገባ ሰው። «አሁን አየሁት» አለች።

ፈተና መስሎኝ ነበር። ፈተና ደግሞ እወዳለሁ፤ ስለዚህ ለእያንዳንዱ እራፊ መልስ ሳድን ዋልኩ። ሐምራዊው «በር ላይ የተቀጠቀጠ ጣት» ሆነ፤ ቢጫው «የታመመ ሰው ዓይን»። እሱን ስላት ሌላ ፈልጊለት አለችኝ። ቃል አሳምረሽ ትናገሪያለሽ፣ የትኛው ትምህርት ቤት ነው ያስተማረሽ የሚሉኝ ሰዎች ዛሬም አሉ። አንድም ትምህርት ቤት አላስተማረኝም። ያስተማረኝ «ምን ዓይነት ቀይ?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ሌላም ሹመት ነበረኝ። ጠዋት ጠዋት ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት ክር የተከተተባቸው መርፌዎች በትንሿ የመርፌ ትራስ ላይ ሰክቼላት እሄዳለሁ። «ያንቺ ዓይን ቀልጣፋ ነው» ትለኛለች። ኮራሁ። በአንድ ነገር ብቻ አልተግባባንም፤ ብርቱካኑን ከቲማቲሙ ጎን ስታደርገው «እማዬ፣ እነዚህ አብረው አይሄዱም!» አልኳት።

«ከፈይና ሻካራ አብረው ይሄዳሉ» አለች። ግትር አልኩ በሆዴ።

በዚያው ሰሞን አንድ ጠዋት ክር ልገዛ ብላ ወጣችና ከሰዓት ተመለሰች። ክር አልያዘችም። «ጠፋ?» ስላት «ጠፋ» አለችኝ። ሱቁ አፍንጫችን ሥር ነው፤ ክር ጠፍቶበት አያውቅም። እኔ ግን ነጋዴው ላይ ተናደድኩ። የሄደችው ሐኪም ቤት ነበር።

ብዙም ሳይቆይ የአባቴ እህት መጣች። አንድ ሻንጣና በጨርቅ የተጠቀለለ የራሷን መቀስ ይዛለች። እናቴ ከማሽኑ ተነስታ ቦታውን ለቀቀችላት። ራሷ መስኮቱ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ እራፊዎቿን በእጅ መግጠም ጀመረች። ያቺ ሴት ማሽኑ ላይ ስትቀመጥ የሰፈሩ የበዓል ልብስ ሁሉ እንደ ውኃ ይወርድ ጀመር። መቀሷን አንስቼ ሞከርኩት። ጨርቁን አይቆርጥም፣ ያኝከዋል። መቀሷ እንኳ የማይረባ፣ አልኩ።

ዳቦ ቤቷ፣ ማለት የዳቦ ቤቱ ባለቤት ሚስት፣ ልኬት ልትሰጥ መጥታ ቆማ ስትለካ «ሰፊዋ፣ ተጠንቀቂ» አለቻት እናቴን። «የባል እህት እንደ ጭስ ናት፤ ዓይን ሳታስለቅስ አትወጣም።»

የአባቴ እህት ዓይኗን ከሜትሩ ሳታነሳ «ጭሱስ ካንቺ ምድጃ ነው» አለቻት። «የትናንቱ ዳቦሽ አርሮ ነበር። ክንድሽን ዘርጊ፣ ልኬቱ ተበላሸ።»

እናቴ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል። ማሽኑ ዝም ብሏል። ጆሮዬን አቁሜ ደጃፉ ላይ ቀረሁ።

«ለልጅቷ መቼ ነው የምትነግሪያት፣ እትዬ?»

«ከበዓሉ በኋላ። በዓሏን አላበላሽባትም።»

«ዓይን አላት እኮ። ራሷ ብትደርስበትስ?»

«ማሽኑን ግን ውሰጂው» አለች እናቴ። «እኔ ከእንግዲህ ምን ላደርግበት ነው? ካንቺ ሌላ የምሰጠው ሰው የለኝም።»

የአባቴ እህት አፍንጫዋን ስትናፈጥ ሰማሁ። በደስታ የምታለቅስ መስሎኝ ጥርሴን ነከስኩ። መጀመሪያ ሬዲዮ፤ ቀጥሎ ማሽን። መስኮቱ ሥር ሌላ ደመቅ ያለ አራት ማዕዘን ሊቀር ነው። እናቴስ? ማሽኑ ሲሄድ የሷስ ቦታ የት ሊሆን ነው?

በማግስቱ ፊት ለፊቷ ቆምኩ።

«መቼ ነው የምትሄጂው?»

«ስሰለችሽ።»

«ሰልችተሽኛል።»

«ፈጣን ነሽ። እንግዲያ እናትሽን እስክሰለቻት ልቆይ።»

«ማሽኑ የእናቴ ነው።»

እግሯን ከፔዳሉ አነሳች። «የማን ነው አልኩ እኔ?»

«ስትሄጂ ይዘሽው አትሄጂም?»

ቀና ብላ አየችኝ። ዓይኗ የአባቴ ዓይን ነው፤ እሱም አናደደኝ። «ምላጭ ብሎ ስም ያወጣልሽ ሰው አልተሳሳተም» አለችና ወደ ስፌቷ ተመለሰች። መልስ አለመስጠቷን እንደ መልስ ያዝኩት። ከዚያ ወዲያ ከትምህርት ቤት ስመለስ ማሽኑ ሥር እየገባሁ ዘብ እቀመጥ ጀመር።

ያየሁትንም ያየሁት ከዚያው ሥር ሆኜ ነው። እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ጋደም ብላለች። የአባቴ እህት ተነስታ በርጩማው ላይ የቀረውን ብርድ ልብስ አነሳች። እናቴ በጠዋቱ የገጠመችውን ጠርዝ ወደ ብርሃኑ አቅርባ አየችው፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ምላጭ አወጣችና የእናቴን ስፌት ትተረትረው ጀመር። ክሩ ትር፣ ትር እያለ ይበጠሳል። ጨርሳ ከመርፌው ትራስ ላይ አንዱን መርፌ ነቀለች፤ እኔ ክር የከተትኩበትን! እና እንደገና ሰፋችው።

መስፋት ከተባለ። መርፌውን በቀኝ እጇ እንደ ማንኪያ ጨብጣ፣ አፏ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ፣ ምላሷ ወጥቶ፣ ፊደል እንደሚለማመድ ሕፃን። ወጋት። ጣቷን መጠጠችና ቀጠለች። ደግሞ ወጋት። ማሽን ላይ እንደ ነፋስ የምትሄደው ሴት በመርፌ አንዲት ስንዝር መግፋት አቃታት። ሚስጥሯ ገባኝ አልኩ፦ የሚሰፋላት ማሽኑ ነው፤ እሷማ ባዶ ናት። ለዚህ ነው ማሽኑን የፈለገችው። አሁን ደግሞ የእናቴን እጅ ከብርድ ልብሱ ላይ እየፋቀች ነው።

ከሥር ወጥቼ መጋረጃውን ገለጥኩት።

«እማዬ! ስፌትሽን እየተረተረችው ነው!»

«ማን? ምን?»

«በምላጭ! አይቻታለሁ! ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ይህን መሐላ የሰፈራችን ልጅ ሁሉ በቀን አሥሬ ይምለዋል። እናቴ ግን በጥፊ መታችኝ። መትታኝ አታውቅም ነበር። እጇ ጉንጬን ስቶ ጆሮዬና አንገቴ መሃል አረፈ።

«በዓይንሽ አትማዪ!» ድምጿ የሷ አይመስልም። «ሁለተኛ በዓይንሽ እንዳትምዪ! ሰማሽ?»

ከማልቀስ ይልቅ ደነገጥኩ። ስፌቷን የምትተረትር ሴት እያለች የምትመታው እኔን! እናቴ ተነስታ በግድግዳው እየተደገፈች ወደ በርጩማው መጣች። የአባቴ እህት ምላጩን መዳፏ ውስጥ ደብቃ እንደ ተያዘ ሌባ ቆማለች፤ ከንፈሯ ነጥቷል። እናቴ ጨርቁን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ጣቷን በጠርዙ ላይ ቀስ አድርጋ አስኬደች። ሄደች፣ ተመለሰች።

«ወደየት ነው ያዘነበለው?» አለችኝ።

የእጅ ስፌት እንደ እጅ ጽሕፈት ነው፤ ሁሉም የራሱ ማዘንበያ አለው። የእናቴ ወደ ቀኝ እንደሚያዘነብል ያሳየችኝ ራሷ ናት። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ወደ ቀኝ» አልኩ፣ የገዛ ዓይኔን ማመን እያቃተኝ።

«እንግዲያ የኔ ነው። የኔን ስፌት እኔ አላውቀውም?»

የአባቴ እህት ትንፋሿን ስትለቅ ሰማሁ። ነገር በዓይን ይገባል ይላሉ። የኔ በዓይኔ ገብቶ በእናቴ ጣት ተባረረ።

በዓሉ ደጃፍ ላይ ሲደርስ አንድ እራፊ ቀረ። እናቴ አሸት አደረገችው። «ይሄ የአባትሽ ሸሚዝ ነው» አለች። ሰማያዊ መስመር ያለው ነጭ።

«እሱ አይገባም!» አልኩ።

«በዓሉን አብሮን ውሏል፤ ይገባል።»

ማሽኑ ቆመ። «እሱን ለኔ ተዪልኝ፣ እትዬ» አለች የአባቴ እህት። «የኛ ቤት ጉድ ነው። እኔ ልግጠመው።»

ተቀመጠችና ሁላችን እያየናት መርፌውን በግራ እጇ ያዘች። ገባ ወጣ፣ ገባ ወጣ፤ ሳትወጋ፣ አፏን ሳታጣምም፤ እንደ ሩዝ ፍሬ እኩል እኩል የተደረደረ ስፌት፣ ወደ ግራ ያዘነበለ። አየሽ አልኩ ለራሴ፤ የወንድሟ ሸሚዝ ሲሆን ጊዜ እጇ ተፈታ። ከዚያ ወዲያ ከሥር ገበር፣ መሃሉ ላይ አሮጌ ብርድ ልብስ ተደርጎ ዙሪያው በማሽን ተዘጋ።

የበዓሉ ጠዋት እናቴ ግቢው ውስጥ ባለው የልብስ ሽቦ ላይ አሰቀለችው። ፀሐዩ ፊት ለፊት ይመታዋል። ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ እየመጣ ይሰበሰባል፤ ሁሉም የራሱን እራፊ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪው ኮቱን አገኘና እጅጌውን አስታወሰ። እናቴ ግን ፊቷን ከጨርቁ አንድ መዳፍ እስኪቀረው ድረስ አስጠግታ፣ እህል እንደሚያይ ወፍ አንገቷን ወደ ጎን ሰብራ፣ ከእራፊ ወደ እራፊ ትሄዳለች። አንዱንም አልዘለለችም። ሽታውን የምትስብ መስሎኝ ነበር።

«ቀይ ከብርቱካን ጋር!» ብላ ዳቦ ቤቷ ጮኸች። «ኧረ ሰፊዋ፣ ቀለሙን የመረጠው ዕውር ነው እንዴ?»

«ገና ነው» አለች እናቴ፣ ፊቷን ከጨርቁ ሳታነሳ።

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ከሁሉም በላይ ሳቅሁ፤ እናቴ መልስ ስትመልስ ደስ ይለኛል። የአባቴ እህት ብቻዋን ወደ ቤት ገባች።

ከበዓሉ በኋላ እናቴ ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ፣ ብርድ ልብሱን ለሁለታችን አልብሳ ነገረችኝ። የግራ ዓይኗ ብርሃን ከሄደ ቆይቷል። የቀኙ ከጠርዙ በኩል እንደ በር ቀዳዳ ያለች ነገር ቀርታዋለች፤ ሐኪሙ እሷም እንደምትዘጋ ነግሯታል። ሳትዘጋ በፊት በዓሎቿን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ አንዴ ማየት ፈለገች። ከተዘጋች በኋላ ደግሞ በጣት እንዲነበቡ ለስላሳውን ከሻካራው፣ ቀጭኑን ከወፍራሙ ጎን አደረገችው። ለዚህ ነው ቀለም ያልተመረጠው።

የአባቴ እህት በሌላ ከተማ የራሷ ልብስ ስፌት ቤት ነበራት። የእናቴ መልእክት ሲደርሳት ዘግታው መጣች። ማሽኑን የትም አልወሰደችውም፤ እዚያው መስኮቱ ሥር ተቀምጣበት አሳደገችኝ። አክስቴ ማለት የጀመርኩት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። ራሴን በራሴ ያስተማርኩ ነኝ እያልኩ የምኮራ ሰው ነኝ፤ ከዚያ ላይ አንድ ነገር ብቻ እቀንሳለሁ። መርፌ አያያዝ ያስተማረችኝ እሷ ናት፣ ጎን ለጎን ሳይሆን ፊት ለፊት አስቀምጣ። «እኔ ግራኝ ነኝ» አለችኝ፤ «መስታወት እያየሽ ነው በዪና ተከተዪኝ።» መቀሷ ለምን ጨርቅ እንደሚያኝክብኝ ያኔ ገባኝ፤ ለግራ እጅ የተሠራ ነበር። የእናቴን የተንጋደደ ስፌት እየፈታች በማትችለው እጇ ለምን እንደታገለችም። በግራዋ ብትሰፋው የእናቴ ጣት ወዲያው ይነቃባት ነበር።

ለእናቴ ግን ምንም አልተነፈስኩም። ያ ብርድ ልብስ የመጨረሻ ሥራዬ ነው ብላ ስትኮራበት ኖራለች፤ እኔ ማን ነኝና ልተረትረው?

አክስቴ ባለፈው ዓመት አረፈች። ሰሞኑን ደግሞ የአባቴ ሸሚዝ እራፊ በአንድ ጎኑ ለቀቀ። ያገኘችው እናቴ ናት።

«ምላጬ፣ እዚህ ጋ ተከፍቷል።»

«አይቻለሁ። የአክስቴ ስፌት ነው፤ ከዚህ ሁሉ የሷ እሱ ብቻ ነው።»

«ብቻ?» አለች እናቴ። ጣቷ ብርድ ልብሱ ላይ መሄድ ጀመረ። «ይሄ የሷ ነው። ይሄም የሷ። ይሄኛው የኔ ነው፤ እንደ ሰካራም ይሄዳል፣ ለምን እንደተወችው እንጃ። ይሄ የሷ።»

የያዝኩትን አስቀመጥኩ። «ታውቂ ነበር?»

«የኔ ስፌት ጨርቅ አያንቅም። እሷ በቀኟ ስትሰፋ እንዳይፈታባት ፈርታ ክሩን ታጠብቀዋለች። የጠፋው ዓይኔ ነው እንጂ ጣቴ አይደለም።»

«እና እኔን በጥፊ መታሽኝ!»

«እሱ ለመሐላው ነው።»

«ለሷስ? ይህን ሁሉ ዘመን እንዴት አንድ ቀን አልነገርሻትም?»

«ምን ብዬ? ጣቷን እየወጋች የሰጠችኝን ‹አውቄብሻለሁ› ብዬ ልመልስላት?» ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረገችው። «አላወቀችም ብላ ሞተች። ደስ ብሏት ነው የሄደችው። በይ ስፊው፣ ብርድ ገባኝ።»

መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ክር ከተትኩ። ጎበዝ እጅ አለኝ፤ እሱን ማንም አይክደኝም፤ ያን ጎን በአንድ ትንፋሽ እጨርሰው ነበር። መርፌውን ወደ ግራ እጄ አዛወርኩት። እንደ ማንኪያ ጨበጥኩት። አፌ ወደ አንድ ጎን ሲጣመም ይሰማኛል። ወጋኝ፤ ጣቴን መጠጥኩና ቀጠልኩ። ደግሞ ወጋኝ።

ስጨርስ ጉልበቷ ላይ መለስኩላት። ጣቷ የሸሚዙን ጠርዝ ፈልጎ አገኘው፤ ሄደ፣ ተመለሰ፣ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ሳላስበው ክሩን አጥብቄው ኖሯል።

«ወደየት ነው ያዘነበለው?» አልኳት።

«ወደ ግራ» አለች። ጣቷን አላነሳችም። «እንግዲያ የሷ ነው።»